ከሁለት ያጣው መካከለኛ

ኤፕሪል 29 ቀን 2004 በሚሺጋን ግዛት፣ ላንሲንግ ከተማ፣ አንዲት ጠቆር ያለች ቀይ መኪና ከመገጣጠሚያው መስመር ወጣች። ሞዴሏ አሌሮ ይባላል። ሠራተኞቹ ከበቧት፣ ስማቸውንም ፈረሙባት። ኦልድስሞቢል የሚለው ስም 107 ዓመት ኖሮ በዚያች መኪና አበቃ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በ1980ዎቹ አጋማሽ ይኸው ብራንድ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ይሸጥ ነበር። ርካሽ አልነበረም። የናጠጠ ሀብታም መኪናም አልነበረም። ደህና መኪና ነበር በቃ። ኑሮው ሻል ያለለት ሰው ይገዛዋል። ጎረቤት ያከብረዋል። ኪስንም አያራቁትም። እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት ይጠፋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከመሰላል ነው። ጄኔራል ሞተርስን ለረጅም ዘመን የመሩት አልፍሬድ ስሎን በ1920ዎቹ ብራንዶቻቸውን በእርከን ደረደሩ። ታች ሼቭሮሌ፣ ከእሱ በላይ ፖንቲያክ፣ ቀጥሎ ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ቡይክ፣ አናቱ ላይ ካዲላክ። ወጣት ሠራተኛ በሼቭሮሌ ይጀምራል። ደሞዙ ሲጨምር አንድ እርከን ይወጣል። ቤተሰቡ ሲሰፋ ሌላ ይጨምራል። ቀንቶት ከበለጸገ ካዲላክ ይነዳል። ደንበኛው ኑሮው በተሻሻለ ቁጥር መኪና ይቀይራል እንጂ ኩባንያ አይቀይርም።

አሁን መሰላሉን ተመልከቱት። ሼቭሮሌ አለ። ካዲላክ አለ። ኦልድስሞቢል የለም። ፖንቲያክም በ2010 ተከትሎታል። ፎርድ በራሱ ስም በሚሸጠው መኪናና በውዱ ሊንከን መሀል ያቆመው ሜርኩሪም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ሁለቱ ጫፎች ቆመዋል፤ የተሰበሩት የመሀሎቹ ናቸው። ቡይክ ግን ተርፏል። እሱ የተረፈበት ምክንያት ለብቻው የሚወራ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

የመኪና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመኪና ወዳጆች በተውኩት ነበር። ግን ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡት ትልልቅ መደብሮችም እንዲሁ ሆነዋል። ስልክ አምራቾች፣ አየር መንገዶች፣ ጋዜጦች፣ የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎችም እንዲሁ። በየዘርፉ ታች በጣም ርካሽ የሚሸጥ ግዙፍ ድርጅት አለ። ላይ ደግሞ በስሙ ብቻ ዋጋ የሚቆልል አለ። መሀል ላይ የነበረው ከሁለት ያጣ ሆኗል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ፈላጊ ጠፋ የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለደህና ዕቃ ፈላጊ ሞልቷል። የጠፋው ጠባቂው ነው።

መካከለኛ ዕቃ የሚሸጠው ምንድን ነው? ከውዱ ትንሽ ቀነስ፣ ከርካሹ ትንሽ ጨመር ያለ ዋጋ ይመስለናል። አይደለም። የሚሸጠው እምነት ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚገዛ ሰው ሞተሩን ፈታቶ አያይም። ቢያይም አይገባውም። ርካሹን ሲገዛ ዕድሉን ይሞክራል። ውዱን ሲገዛ ከማሽኑ በተጨማሪ ለስሙም ይከፍላል። የመሀሉን ሲገዛ ግን አንድ ቃል ይዞ ነው የሚወጣው፦ ምርጥ ባይሆንም አያሳፍርህም። ያ ቃል እስከተከበረ ድረስ ሰው ሳይጨነቅ ይገዛል።

ደግሞም ሰው በተፈጥሮው መሀሉን ይወዳል። የገበያ ተመራማሪው ኢታማር ሳይመንሰን በ1989 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድ ዕቃ ከሁለት ጫፎች መሀል ሲቀመጥ የመመረጥ ዕድሉ ይጨምራል። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ዊሊያምስ ሶኖማ የተባለው የአሜሪካ የቤት ዕቃ ነጋዴ ይህን በተግባር አይቶታል። 275 ዶላር የሚሸጥ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ነበረው። ቆየት ብሎ አጠገቡ ተለቅ ያለና ዋጋው ከ50 በመቶ በላይ የሚበልጥ ሌላ ማሽን አስቀመጠ። ትልቁን ብዙ ሰው አልገዛውም። የመጀመሪያው ሽያጭ ግን እጥፍ ገደማ ሆነ። ብቻውን ሲቆም ውድ ይመስል የነበረው ማሽን፣ ትልቁ ሲመጣ ዋጋው ልክ ሆኖ ታየ።

ይህ ብልሃት ዛሬ በየስክሪኑ አለ። ለማንኛውም የኦንላይን አገልግሎት ልትመዘገቡ ስትሉ ሦስት አምድ ይመጣላችኋል። ግራው ባዶ ባዶ ይላል። የቀኙ ዋጋ ያስደነግጣል። የመሀሉ በቀለም ደምቆ፣ አናቱ ላይ «ተመራጭ» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በግራውና በመሀሉ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ሆን ተብሎ መቆለፉ ብቻ ነው። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። መካከለኛነት የሥራ ጥራት ደረጃ ነበር። አሁን የአደራደር ዘዴ እየሆነ ነው። ለመሀሉ ያለን ፍቅር እንዳለ ነው። ቀስ በቀስ የጠፋው እዚያ መሀል ላይ ይቀመጥ የነበረው ደህና ዕቃ ነው።

ወደ ኦልድስሞቢል ልመልሳችሁ። ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ይህ ብራንድ የሚኮራበት ሞተር ነበረው። ሮኬት ብሎ ሰይሞ ለአሥርት ዓመታት አስተዋውቆታል። በ1977 የኦልድስሞቢል ሽያጭ ደርቶ የራሱ ሞተር አልዳረስ አለ። ኩባንያው ምን አደረገ? በመጠን የሚመሳሰለውን የሼቭሮሌ ሞተር እየገጠመ መሸጥ ጀመረ። ለገዢው የነገረው አልነበረም። ሰውየው መኪናውን ለሰርቪስ ወስዶ ኮፈኑ ሲከፈት ነው ጉዱ የወጣው። ለአንድ እርከን ከፍታ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሏል። ሞተሩ ግን የታችኛው እርከን ነው። ክስ ተመሠረተ። ኩባንያውም ካሳ ለመክፈል ተገደደ።

መሐንዲሶች ያ የሼቭሮሌ ሞተር መጥፎ አልነበረም ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደህና ሞተር ነበር። ጉዳዩ ግን የሞተር አልነበረም፤ የቃል ነበር። ሁለቱ መኪኖች ውስጣቸው አንድ ከሆነ ሰው ለምን ብሎ ጨምሮ ይከፍላል? በ1980ዎቹ ደግሞ ውጫቸውም አንድ መሰለ። ኩባንያው ወጪ ለመቆጠብ በየብራንዱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ማውጣት ጀመረ። መኪኖቹን ያለ አርማቸው ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። መሰላሉ ለታይታ ቆሟል እንጂ እርከኖቹ ተመሳስለዋል። የጃፓን መኪኖች ባይመጡም ኦልድስሞቢል ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ነበር።

ሲርስም እንደዚሁ ነው። ይህ የአሜሪካ መደብር በካታሎጉ ላይ ዕቃዎቹን ጥሩ፣ የተሻለ፣ ምርጥ ብሎ በሦስት ይከፍል ነበር። የመካከለኛ ቤተሰብ ቤት ከምድጃው እስከ መዶሻው ከሲርስ ይሞላል። ክራፍትስማን የሚባሉት የእጅ መሣሪያዎቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና ነበራቸው። አንድ ሰው ጫፉ የተበላ ካቻቢቴ ወይም የተሰበረ ፒንሳ ይዞ ይገባል። ደረሰኝ አምጣ የሚለው የለም። አዲስ ይሰጡታል፤ ይዞ ይወጣል። ያ ካቻቢቴ በዓለም ምርጡ አልነበረም። ግን ከዕቃው ጋር ሰውየው መደብሩንም ያምናል። ማቀዝቀዣ መግዛት ሲፈልግ የት እንደሚሄድ አያጠያይቅም።

በ2005 ሲርስ ኬማርት ከሚባለው ሌላ መደብር ጋር በአንድ ባለሀብት እጅ ተዋሐደ። በቀጣዮቹ ዓመታት ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አወጣ። ለመደብሮቹ እድሳት ግን ከተፎካካሪዎቹ እጅግ ያነሰ ነው የመደበው። መብራቱ ደበዘዘ። ምንጣፉ አለቀ። መደርደሪያው ሳሳ። በ2017 ክራፍትስማንን ለመሣሪያ አምራቹ ለስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ሸጠ። እምነቱን ሸጠ ማለት ይቀላል። በኦክቶበር 2018 ኪሳራ አወጀ። ኢንተርኔት ገደለው ይባላል። ኢንተርኔት ድርሻ አለው፤ አልክድም። ግን ሲርስ እኮ ከመቶ ዓመት በፊት በካታሎግና በፖስታ ለመላው አገር ይሸጥ የነበረ ድርጅት ነው። ከርቀት መሸጥን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

እምነት አንዴ ከተበላ እውነት መናገርም አይመልሰውም። ይህን ያየነው ጄሲ ፔኒ በተባለው መደብር ነው። ይህም የመካከለኛ ገዢ ቤት ነው። ለዓመታት ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይለጥፍና በኩፖን ይቀንስ ነበር። በ2012 ከአፕል የመጡት ሥራ አስኪያጅ ሮን ጆንሰን ኩፖኑን አስቀሩት። ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ዋጋ እንለጥፍ አሉ። ለሰሚ ደስ የሚል ነገር ነው። በዚያ አንድ ዓመት የመደብሩ ሽያጭ በሩብ ያህል ወደቀ። ሰውየውም በ2013 ተሰናበቱ። ገዢው የተለጠፈ ዋጋን ማመን ካቆመ ቆይቷል። ዋጋ ሲቆረጥ ካላየ ያተረፈ አይመስለውም። ቤቱ ራሱ ነበር እንዲህ ያለማመደው።

እስካሁን ያወራሁት ከውስጥ ስለሚመጣው ነው። ከውጭ የሚመጣው ጫናም ቀላል አይደለም። ርካሹ ተሻሽሏል። ድሮ ርካሽ ዕቃ ማለት የሚሰበር ዕቃ ነበር። አሁን የማምረቻ ቴክኖሎጂው ተስፋፍቷል። አንዱ ፋብሪካ ለብዙ ብራንድ ያመርታል። የቺፑና የስክሪኑ አቅራቢም የጋራ ነው። የታችኛው ወለል ከፍ ሲል የመሀሉ ጣሪያ ይጠጋል። በዚያ ላይ የገዢዎች አስተያየት መጣ። ሺህ ሰው ስለ አንድ የማይታወቅ ብራንድ ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነው ብሎ ከጻፈ፣ የታወቀው ስም የሚሰጠው ዋስትና ዋጋው ይወርዳል። ቃሉን ከመደብሩ መግዛት ቀርቶ ከማያውቁት ሰው በነጻ ማግኘት ሆነ።

ስልክን ውሰዱ። ኤችቲሲ በ2008 የመጀመሪያውን አንድሮይድ ስልክ የሠራ ኩባንያ ነው። በ2011 ከሩብ ዓመቶቹ በአንዱ በአሜሪካ ገበያ ከሁሉም በላይ ሸጦ ነበር። በ2017 ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ መሐንዲሶቹን በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ለጎግል አሳለፈ። ኤልጂም ለስድስት ዓመት ያህል ያለ ማቋረጥ ከከሰረ በኋላ በ2021 የስልክ ሥራውን ዘጋ። የሁለቱም ስልክ መጥፎ አልነበረም። ከላይ አፕልና ሳምሰንግ፣ ከታች የቻይና አምራቾች ያዟቸው። የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር በ1980 ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር። ወይ በዋጋ ቅደም፣ ወይ በልዩነት ቅደም፤ መሀል ላይ ከቀረህ ትጣበቃለህ ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። መካከለኛ ዕቃና መካከለኛ ድርጅት አንድ አይደሉም። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ አልጠፋም። እንዲያውም የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮች በዓለም በብዛት ከሚሸጡት መሀል ናቸው። የጠፋው በመሀሉ ብቻ የሚኖረው ድርጅት ነው። ሳምሰንግ ከላይ በውዱ ስልክ ስም ያወጣል። ያንን ስም መሀል ላይ ይሸጠዋል። የምርምሩ ወጪ ከላይ ተከፍሏል። ኤችቲሲ ግን ያንኑ መካከለኛ ስልክ ሲሠራ ሁሉንም ወጪ ከእሱ ብቻ ማውጣት ነበረበት።

አየር መንገድም እንደዚያ ነው። ኤር በርሊን ሙሉ አገልግሎትም ርካሽ ቲኬትም ልስጥ ብሎ በ2017 ወደቀ። ወጪው የሙሉ አገልግሎት፣ ገቢው የርካሽ ሆነበት። የመካከለኛው መቀመጫ ግን አድጓል። በ1992 ቨርጂን አትላንቲክና የታይዋኑ ኢቫ ኤር ከኢኮኖሚው ሰፋ፣ ከቢዝነሱ ቀነስ ያለ ክፍል አወጡ። ቨርጂን መጀመሪያ ላይ በግልጽ መካከለኛ ማዕረግ ብሎ ነበር የጠራው። ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ ትልልቅ አየር መንገዶች አልተከተሏቸውም። ሉፍታንዛ የገባበት በ2014 ነው። ዛሬ በረጅም በረራ ላይ ይህ ክፍል የሌለው ትልቅ አየር መንገድ እያነሰ ነው። ለጉልበቱ ትንሽ ቦታ፣ ለጀርባው ትንሽ ዘንበል፤ ሰው ከልቡ ይከፍልበታል። ፈላጊ ሞልቷል ያልኩት ለዚህ ነው።

በጌምና በጋዜጣ በኩል ምክንያቱ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ለመሸጥ ተጨማሪው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ምርጡ ይጎርፋል። መካከለኛ ጌሞችን በብዛት ያሳትም የነበረው ቲኤችኪው በዲሴምበር 2012 ኪሳራ አወጀ። በወሩ ንብረቱ በጨረታ ተበታተነ። የአሜሪካ ጋዜጦች ከ2005 ወዲህ ከሲሶ በላይ ጠፍተዋል። የኒውዮርክ ታይምስ ደንበኞች ግን ከ10 ሚሊዮን አልፈዋል። መሀል ላይ የነበረው የአውራጃ ጋዜጣ ነው የሌለው። የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ የሚዘግበው እሱ ነበር።

መካከለኛው ገቢ ስለሳሳ ነው የሚሉም አሉ። እውነትነት አለው። በፒው የምርምር ማዕከል ስሌት በ1971 ከአሜሪካ አዋቂዎች 61 በመቶው በመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በ2021 ወደ 50 በመቶ ወርዷል። ግን ግማሽ አገር ትንሽ ገበያ አይደለም። ደግሞም የዛሬ ገዢ በአንድ እርከን ላይ አይቆምም። ያው ሰው ካልሲውን ከርካሹ ገዝቶ ስልኩን ከውዱ ይገዛል። የማይገደው ላይ ይቆጥባል፤ የሚወደው ላይ ያወጣል። ድሮ ሁሉንም ነገር ከመሀል ገዝቶ ይገላገል ነበር። ይህ ለመካከለኛ ነጋዴ ከገቢ መቀነስ የበለጠ ፈተና ይመስለኛል።

አሁን ከዕቃው ወደ ድርጅቱ እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት መካከለኛ ድርጅት የሚለው ከ50 እስከ 249 ሠራተኛ ያለውን ነው። ይህ መጠን ያስቸግራል። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሁሉ በስም ለማወቅ በዝተውበታል። የሰው ኃይል ክፍል፣ የሕግ ክፍል፣ የፋይናንስ ክፍል ለማቋቋም ደግሞ አንሰዋል።

በፈረንሳይ የሆነውን ተመልከቱ። ድርጅቶቹን በሠራተኛ ብዛት ደርድሮ በግራፍ ያስቀመጠ ሰው የሚያስገርም ነገር ያያል። ድርጅቱ እየተለቀ ሲሄድ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይቀንሳል። 49 ጋ ሲደርስ ግን ድንገት ጉብ ይላል። 50 ላይ ተመልሶ ይዘቅጣል። ምክንያቱ ሕጉ ነው። 50ኛውን ሠራተኛ መቅጠር ለሠራተኞች ምክር ቤት ሰፋ ያለ ሥልጣን መስጠትን፣ ትርፍ ማካፈልንና ሌሎች ግዴታዎችን ያመጣል። ግዴታዎቹ በየራሳቸው ሲታዩ መልካም ናቸው። ሠራተኛን የሚጠብቁ ናቸው። ግን ሁሉም በአንድ ሰው ቅጥር ላይ ተከምረዋል። 49 ሠራተኛ ያለው አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤትን አስቡ። ትልቅ ትእዛዝ መጣለት። አንድ ሰው ቢቀጥር ይሠራዋል። ቁጭ ብሎ ያሰላል። ትእዛዙን ይመልሳል፤ ወይም ሁለተኛ ድርጅት በሌላ ስም ይከፍታል። በ2019 የወጣው ሕግ ከግዴታዎቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ቁጥሩ ለአምስት ተከታታይ ዓመት ካለፈ ብቻ ነው ብሎ ነገሩን አላልቶታል። ጥሩ እርምጃ ነው። መሀሉን ገድሎ የሚያውቅ ክፉ ሰው የለም። በየቦታው ለበጎ የተሰመሩ መስመሮች ናቸው የሚገድሉት።

ብድርም አለ። አንድን ተበዳሪ ማጥናት ለባንክ የሚያወጣው ወጪ ብድሩ ትንሽም ሆነ ትልቅ ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ባንክ ትልቁን ይመርጣል። ለትንሹ ደግሞ ማይክሮፋይናንስ መጣ። መሐመድ ዩኑስ በ1983 ያቋቋሙት ግራሚን ባንክ መያዣ ሳይጠይቅ፣ ተበዳሪዎችን በቡድን አስተሳስሮ ማበደር እንደሚቻል አሳየ። ለሁለት ጎን የሚሆን መፍትሔ ተገኘ። አሥር ማሽን ለመግዛት የፈለገው ግን ለማይክሮፋይናንስ በጣም ትልቅ፣ ለባንክ በጣም ትንሽ ነው። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2017 ባወጣው ግምት፣ በታዳጊ አገሮች ያሉ መደበኛ ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ያላገኙት ብድር በዓመት 5.2 ትሪሊዮን ዶላር ይሆናል።

ኢኮኖሚስቶች ይህንን የጠፋው መሀል ይሉታል። አከራካሪ ስም ነው። ቻንግ ታይ ሺዬና ቤንጃሚን ኦልከን በ2014 የህንድን፣ የኢንዶኔዥያንና የሜክሲኮን ድርጅቶች መርምረው፣ የጠፋው መሀሉ ብቻ አይደለም፣ ትልቁም ነው አሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ትንሽ ነው። ክርክሩ ለእኔ አንድ ነገር አስገንዝቦኛል። በአገሮቹ ትልልቅ ድርጅት ያነሰው ትንንሾቹ የሚያልፉበት መንገድ ስለጠበበ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሆኖ የሚወለድ ድርጅት ጥቂት ነው። ሌላው በመሀሉ አልፎ ነው የሚሄደው።

ደግነቱ መሀል ላይ ቆመው የኖሩም አሉ። ኮስትኮን እንይ። በጅምላ ለቤተሰብ የሚሸጥ መደብር ነው። በአንድ ዕቃ ላይ ከ14 ወይም ከ15 በመቶ በላይ አይጨምርም። ይህን ገደብ ለራሱ አስሮ ለአሥርት ዓመታት ጠብቆታል። ተወዳጅ ዕቃ ላይ ጨምሮ መሸጥ ይችል ነበር፤ ሰው ይገዛዋል። አላደረገውም። መደብሩ ውስጥ ያለው የዕቃ ዓይነት 4,000 ገደማ ነው። ትልቅ ሱፐርማርኬት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ኮስትኮ ግን መምረጡን ራሱ ሠርቶልሃል። ትርፉ በአብዛኛው ከዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ነው። ከአሥር አባል ዘጠኙ ገደማ በየዓመቱ ያድሳል። እነዚህ ሰዎች የሚከፍሉት መደብሩ ውስጥ ለመግባት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ዋጋ ሳይመረምሩ ለመግዛት ነው።

ሌላው መንገድ የጀርመኖቹ ነው። ሄርማን ሳይመን የተባሉ የአስተዳደር ምሁር እነዚህን ድርጅቶች ስውር ሻምፒዮኖች ብለዋቸዋል። በአንድ ጠባብ ነገር የዓለም አንደኛ የሆነ፣ ስሙን ግን ማንም የማያውቀው የቤተሰብ ድርጅት ማለት ነው። ሄረንክኔክት በ1977 ተቋቋመ። ዋሻ የሚቆፍሩ ግዙፍ ማሽኖች ይሠራል። በ2016 የተከፈተውን፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር 57 ኪሎሜትር የሚሄደውን የጎትሃርድ ዋሻ በአብዛኛው የቦረቦሩት የእሱ ማሽኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ድርጅት በመጠኑ ከግዙፎቹ ተርታ አይሰለፍም። ሥራው ግን መካከለኛ አይደለም። ዘርፉን አጥብቦ ገበያውን ወደ መላው ዓለም አሰፋው። ብዙዎቹ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ስላልገቡ በየሦስት ወሩ ትርፍ አሳዩ የሚላቸው የለም። ሲርስ ያጣው ይህንን ትዕግሥት ነው።

ቡይክን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ኪሳራ ሲያውጅ በአሜሪካ ከያዛቸው ስምንት ብራንዶች አራቱን ብቻ አስቀረ። ብዙ ሰው የገመተው ቡይክ ይሄዳል ብሎ ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የተሸጠው ቡይክ ከ102,000 ብዙም አያልፍም። ፖንቲያክ ከእሱ የበለጠ ይሸጥ ነበር። የተዘጋው ግን ፖንቲያክ ነው። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ከአሜሪካው ከአራት እጥፍ በላይ ቡይክ ተሸጧል። በቻይና ቡይክ የቆየ የክብር ስም ነበር። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑ ዪ ቡይክ ይነዳላቸው እንደነበር ይነገራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሻንጋይ ላይ መመረት ሲጀምር የቻይና ገዢ ያገኘው የሚያውቀውን፣ ደህና የሚለውን መኪና ነው። ሞተሩ ተቀይሮ ያየ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን መኪና እየተባለ የተረሳው የመሀል እርከን፣ እዚያ የመጀመሪያ ደህና መኪናቸውን የሚገዙ ሰዎች ተሰልፈውለት ነበር።